ሳኦልና ዳዊት፦ ሁለት ዓይነት «በድያለሁ»

ሁለቱም የእስራኤል ንጉሥ፣ ሁለቱም ነቢይ የገሠጻቸው፣ ሁለቱም «በድያለሁ» ያሉ ናቸው።

ሳኦል የአማሌቅን ሕዝብና ከብቱን ሁሉ እንዲያጠፋ ከእግዚአብሔር ታዝዞ፣ ከምርኮው ምርጥ ምርጡን አስቀርቶ ሳለ ነቢዩን ሳሙኤልን «ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ» አለው። የበጎቹ ጩኸት ግን እዚያው ይሰማ ነበር። ሲያዝ ጥፋቱን በሕዝቡ ላይ አላከከ፤ «ለመሥዋዕት ነው» አለ፤ ቀጥሎም «ሕዝቡን ፈርቼ ነው»። ካመነ በኋላ እንኳ የለመነው በሽማግሌዎች ፊት እንዲከበር ነው (1ኛ ሳሙኤል 15)። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው፤ ንስሐ እየገቡም ስለ ስም መጨነቅ አለ። «ሰይጣን አሳስቶኝ ነው» እያልን የንስሐ አባት ፊት የምንቀርበውም ያው ነን።

የዳዊት ኃጢአት በሰው ዓይን ይብሳል፦ የወታደሩን የኦርዮን ሚስት ቤርሳቤህን ወሰደ፣ ኦርዮንንም በጦር ግንባር አስገደለ። ነቢዩ ናታን «ያ ሰው አንተ ነህ» ሲለው ግን በቤርሳቤህም፣ ትእዛዙን በፈጸመው የጦር አለቃ በኢዮአብም አላመካኘም፤ «እግዚአብሔርን በድያለሁ» አለ፣ አበቃ (2ኛ ሳሙኤል 12)። ይቅርታው ወዲያው መጣ። የሥራው ውጤት ግን አልቀረለትም፤ ከቤርሳቤህ የወለደው ሕፃን ሞተ፣ ሰይፍም ከቤቱ አልራቀም። እርሱ ግን ከእግዚአብሔር አልሸሸም፤ ታጥቦ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ።