የቤት ስልክ፦ በሽቦው ይቆይ፣ ወደ ኢንተርኔት ይዙር ወይስ ሲም ይግባለት?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በሞጣ፣ በ058 የሚጀምር የቤት ስልክ ያላቸው ቤቶች ዛሬም አሉ። ቁጥሩን ዘመድ አዝማድ በቃሉ ያውቀዋል። ልጆች ደግሞ «ዋይፋይ ካለን ለምን በኢንተርኔት አናደርገውም?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ከዋጋው በፊት መብራቱን አስቡ እላለሁ።

የመዳብ ሽቦው ስልክ ኃይል የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያው ነው። 48 ቮልት ገደማ በዚያው ሽቦ ይመጣል። ስለዚህ የሰፈሩ መብራት ድርግም ቢልም ተራው ስልክ ይጮኻል። ገመድ አልባው ስልክ ግን ሶኬት ስለሚፈልግ አብሮ ይጠፋል። የሽቦው ፈተና ክረምት ነው። መገጣጠሚያው ውሃ ሲገባበት ድምፁ ይረበሻል፤ መብረቅም ሽቦውን ተከትሎ ቤት ሊገባ ይችላል። ሰማዩ ሳይጠቁር ስልኩን ከግድግዳው መንቀል ይሻላል።

የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ተራውን የቤት ስልክ በኢንተርኔት የምታስደውል፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ሣጥን ናት። ለምሳሌ ግራንድስትሪም ኤችቲ801ን እንይ። አንዱ ቀዳዳ በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኛል፣ ሌላው የድሮውን ስልክ ይቀበላል። እናታችሁ እንደ ልማዳቸው ስልኩን አንስተው ቁጥር ይመታሉ፤ አዲስ ነገር መማር የለባቸውም። ትልቁ ጥቅሟ ይህ ነው። አንድ ጥሪ በተለመደው አሠራር በየአቅጣጫው የሚወስደው በሰከንድ 90 ኪሎቢት ገደማ ነው፤ ስለዚህ ፈጣን ኢንተርኔት አያስፈልግም። የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ግን ግድ ነው። ሳጥኗ ብቻዋን ደግሞ ምንም አትሠራም፤ ቁጥር የሚሰጥና ጥሪውን የሚያስተላልፍ ድርጅት ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፋይበር (በመስታወት ገመድ የሚመጣ ኢንተርኔት) የገባላችሁ ሰዎች ሞደሙን አዙራችሁ ጀርባውን እዩት። ብዙዎቹ የፋይበር ሞደሞች «ቴል» (TEL) የሚል ጽሑፍ ያለበት ቀዳዳ አላቸው። አዳፕተሩ እዚያው ውስጥ ተሠርቷል ማለት ነው። እንዲሠራ የሚያደርገው ኢንተርኔቱን የሚሰጣችሁ ድርጅት ስለሆነ፣ ሄዳችሁ የድምፅ አገልግሎት እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። ነባሩን ቁጥር ማዛወር ይቻል እንደሆነም ያኔውኑ አረጋግጡ። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው መንገድ ይህ ነው፤ ሕጋዊ ነው፣ ተጨማሪ ዕቃም አያስገዛም።

መብራት ሲሄድ ግን ሞደሙም አዳፕተሩም ፀጥ ይላሉ። ኤችቲ801 በ5 ቮልት ስለምትሠራ ፓወር ባንክ ያቆያታል። ሞደሞች ግን አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ ያስፈልጋል። ዋጋ ስታወዳድሩ ይህንንም ደምሩበት። ኢንተርኔቱ ራሱ የሚጠፋበት ጊዜም አለ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ ጎጃሜ የለም። በሞባይል ዳታ ላይ የተንጠለጠለ የቤት ስልክ እንዲህ ባለ ጊዜ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ውጭ አገር ያለ ልጅ «የአሜሪካ ቁጥር ያለው አዳፕተር ልላክላችሁ» ሲልስ? ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም ያለ ፈቃድ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት መስጠት በቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያስቀጣል፤ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትም ፈቃድ ይጠይቃል። አስቀድማችሁ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቁ። ሌላም አለ፤ እናታችሁ ሌሊት ታመው በዚያ መስመር ወደ አምቡላንስ 907 ወይም ወደ ፖሊስ 991 ቢደውሉ ጥሪው የአገር ቤቱን ጣቢያ አያገኝም። ከልጅ ጋር ለመጨዋወት ኢሞ ይበቃል።

በሲም የሚሠራው የጠረጴዛ ስልክ ቀላል ነው። ባትሪ አለው፣ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ሽቦም የለውም። ግን የ058ቱን ቁጥር ትታችሁ የሞባይል ቁጥር ትይዛላችሁ፣ ኔትወርኩ ደካማ በሆነበት ቀበሌም ያስቸግራል። ፋይበር ለሌለው፣ የመዳብ መስመሩም ለተበላሸበት ቤት የምመርጠው እሱን ነው። የመዳብ መስመሩ ደህና ከሆነና በቤቱ ያሉት አረጋውያን ከሆኑ ግን አትንኩት።

ፋይበር ኖሯችሁ ስልኩን ወደ ኢንተርኔት ለማዞር ከወሰናችሁ፣ አዳፕተሩን ወይም የሞደሙን የስልክ ቀዳዳ ከግድግዳው የስልክ ሶኬት ጋር እንዳታገናኙ። የቴሌው መስመር ገና ኃይል ካለው ዕቃውን ሊያቃጥለው ይችላል። ስልኩን በቀጥታ ከሣጥኑ ጋር አገናኙት። የድሮውን ውል ለማቋረጥም አትጣደፉ፤ ኢንተርኔታችሁ በዚያው መዳብ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ከሆነ፣ ስልኩ ሲቋረጥ ኢንተርኔቱም አብሮ ሊቋረጥ ይችላል።