ከመሃል ከተማ ርቆ ላይቭ ሙዚቃ፦ ምድር ቤቱና ሌሎቹ

ከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች ላይቭ ሙዚቃ ማለት ብዙ ጊዜ ጉዞ ማለት ነው። ጥሩ ባንድ የሚጫወተው መሃል ከተማ ነው። ባንዱ ሞቅ ማለት ሲጀምር እኛ ሰዓት ማየት እንጀምራለን። የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ አለቀልን። ስለዚህ እዚሁ አካባቢያችን ደህና ቤት ይኖር ይሆን ብዬ ዳር ዳሩን ስዞር ከርሜያለሁ። አንድ ቤት በጣም ወድጃለሁ፤ ስለሌሎቹም የምለው አለኝ።

ላይቭ ስል ሰዎች መድረክ ላይ ሆነው፣ ድራሙን መትተው፣ ቤዙን ነክተው የሚያወጡትን ድምፅ ማለቴ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። በራፋቸው ላይ «ላይቭ ባንድ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ የሰቀሉ፣ ውስጥ ሲገባ ግን አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ላፕቶፕና አንድ ድምፃዊ ብቻ ያላቸው ቤቶች አሉ። ድራሙም ቤዙም ከላፕቶፑ ነው የሚወጣው። ዘፋኙ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን ሙዚቀኞች ዓይን ለዓይን እየተያዩ ሲጫወቱ የሚመጣው ነገር እዚያ የለም። ዘፋኙ ስሜት ውስጥ ገብቶ አንድ ስንኝ ልድገም ቢል ላፕቶፑ አይጠብቀውም። እንዲህ ያሉትን ቤቶች ከዚህ በላይ አልሄድባቸውም።

ዋናው መንገድ ዳር ያለው ትልቅ አዳራሽ ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ቤቱ ዓይን ይማርካል። መድረኩ ሰፊ ነው፣ መብራቱ ለጉድ ነው፣ ስፒከሮቹ ከሰው ቁመት ይበልጣሉ። ባንዱም የተሟላ ነው፤ ድራም፣ ቤዝ፣ ሁለት ጊታር፣ ኪቦርድና ሳክስፎን አለው። ልጆቹ ይችላሉ። ግን ዘፋኙ ምን እንደሚል አይሰማም። አንዱን ቃል ሳይጨርስ ያለፈው ቃል ከኋላ ግድግዳ ተመልሶ ይመጣበታል። ወለሉ ሴራሚክ ነው። አንዱ ጎን ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት ነው። ድምፁ የሚያርፍበት ነገር የለም።

ድምፅ በክፍል ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የኋላው ግድግዳ ከመድረኩ 17 ሜትር ቢርቅ፣ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ አንድ አሥረኛ ሰከንድ ይፈጅበታል። ትንሽ ይመስላል፤ ለጆሮ ግን ብዙ ነው። ድራሙ አንዴ ተመትቶ ሁለቴ ይሰማል። ባለቤቶቹ ደግሞ «ድምፁ ጥርት አላለም» ሲባሉ ቮልዩም ይጨምራሉ። ቮልዩሙ ሲጨምር ከግድግዳው የሚመለሰውም አብሮ ይጨምራል፤ ጥራቱ ያው ነው፣ ጆሮ ብቻ ይደክማል። አዲስ ቤት ስትገቡ ባንዱ ሳይጀምር አንዴ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው እዚያው ከጠፋ ጥሩ ነው። ከሩቅ ተመልሶ ከመጣ ወይም ጣሪያው ላይ ከተንጫጫ፣ ዘፈኑም እንደዚያው ነው የሚሆነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ መፍትሔው ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንድ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ነበረው፤ መምህሩ ሲናገር ተማሪው ቃሉን መለየት ያቅተዋል። እንዲያስተካክለው የታዘዘው ወጣቱ የፊዚክስ መምህር ዋላስ ሳቢን ነበር። ሳቢን ከሌላ ቴአትር የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ ሌሊት ከተማው ጸጥ ሲል፣ ትራስ በተጨመረ ቁጥር ድምፁ ለመጥፋት ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ በሰዓት እየለካ ያድር ነበር። ዛሬም የአዳራሽ ድምፅ የሚያሰሉ ባለሙያዎች የእሱን ቀመር ይጠቀማሉ። ነገሩ ሲጠቃለል፣ ለስላሳና ወፍራም ነገር ድምፅ ይውጣል። የሰው ገላም ይውጣል፤ ለዚህ ነው ባዶ አዳራሽ ከሞላ አዳራሽ የባሰ የሚንጫጫው። ያ ትልቅ አዳራሽ ለመብራት ካወጣው ገንዘብ ትንሹን ለወፍራም መጋረጃ ቢያደርገው ኖሮ ዛሬ ስለ እሱ ሌላ ነገር በጻፍኩ ነበር።

አሁን ወደ ወደድኩት ቤት ልምጣ። የአካባቢው ሰው «ምድር ቤቱ» ነው የሚለው። ከውጭ ሲታይ ይሄ ነው የሚባል ነገር የለውም። ከአንድ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጎን ባለው ደረጃ ይወረዳል። ታች ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ፣ የኋላ ግድግዳው በከባድ መጋረጃ የተሸፈነ ክፍል አለ። መድረኩ ከመሬት አንድ ስንዝር ነው ከፍ የሚለው። ፊት የተቀመጠ ሰው የቤዝ ተጫዋቹን ጣት መቁጠር ይችላል።

እዚህ ቤት መጀመሪያ ያየሁት ሚክሰሩ (የመሣሪያዎቹንና የዘፋኙን ድምፅ የሚያመጣጥነው ማሽን) የተቀመጠበትን ቦታ ነው። ብዙ ቤቶች ሚክሰሩን ጥግ ላይ ወይም መድረኩ ጎን ይወሽቁታል። የተቆጣጣሪው ጆሮ የሚሰማው ሌላ፣ የታዳሚው ጆሮ የሚሰማው ሌላ ይሆናል። እዚህ ሚክሰሩ ሰው መካከል ነው ያለው። ሳውንዱን የምትቆጣጠረው ልጅ ደግሞ አንድ ቦታ አትቀመጥም። ዘፈን በተቀየረ ቁጥር ወደ ኋላ ትሄዳለች፣ ደረጃው ሥር ቆማ ታዳምጣለች፣ ተመልሳ አንዷን ቁልፍ ትንሽ ዝቅ ታደርጋለች። ሁልጊዜ ዝቅ ነው የምታደርገው። ከፍ ስታደርግ ያየሁት ዘፋኙን ብቻ ነው። ዘፋኙ ካልተሰማ ሌላውን ቀንስ የሚለውን የምታውቅ ባለሙያ ናት።

አንድ ምሽት እንግዳ ዘፋኝ መድረክ ላይ ወጣ። ማይኩን ከላይ፣ ኳሱን፣ በመዳፉ አፈነው። ብዙ ዘፋኝ እንዲህ ይይዛል፤ ለፎቶም ያምራል። ወዲያው ስፒከሩ ጮኸ። መድረክ ላይ የሚሠራባቸው አብዛኞቹ ማይኮች፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚመረተው ዝነኛው ሹር ኤስኤም58 ጭምር፣ ከፊት የሚመጣውን ድምፅ በደንብ እንዲሰሙ፣ ከኋላ የሚመጣውን ደግሞ እንዲተዉ ሆነው ነው የተሠሩት። ሞኒተር ስፒከሩ፣ ማለትም ዘፋኙ ራሱን የሚሰማበት፣ ከማይኩ ኋላ የሚቀመጠውም ለዚህ ነው። ኳሱ በመዳፍ ሲታፈን ያ መለያ ይጠፋል። ማይኩ ስፒከሩን ይሰማል፣ ስፒከሩ የማይኩን ያጎላል፣ ጩኸቱ ይዞራል። ሌላ ቤት ቢሆን ቮልዩሙን ቀንሰው ዘፋኙን ያጠፉት ነበር። ሳውንዱን የምትቆጣጠረው ልጅ ግን ወደ መድረኩ ሄዳ፣ ፈገግ ብላ፣ የዘፋኙን እጅ በቀስታ ወደ ታች ወደ እጀታው አወረደችው። ጩኸቱ ቆመ። ልጁም እስከ መጨረሻው በዚያው አያያዝ ዘፈነ፤ ድምፁ ያምር ነበር።

ድራመሩንም ላመስግን። ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ድራም ደግሞ ያለ ማይክም ይጮኻል። በትንሽ ክፍል ውስጥ የባንዱን ድምፅ የሚወስነው ድራሙ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር ለመድረስ ነው ቮልዩም የሚጨምረው። ይሄ ልጅ ለስለስ ያሉ ዘፈኖች ሲመጡ የተለመደውን ዱላ አስቀምጦ ከቀጫጭን እንጨቶች ታስሮ የተሠራውን ያነሳል። ምቱ እንዳለ ነው፤ ጩኸቱ ብቻ ይወርዳል። አጠገቤ ካለ ሰው ጋር ሳልጮህ ሁለት ቃል መለዋወጥ ችያለሁ።

ስለ ጆሮ ካነሳሁ አይቀር፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አላውቅም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነት ጥናት ተቋም ናዮሽ ለሠራተኞች የሚመክረው ወሰን 85 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ለ8 ሰዓት ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 94 ላይ 1 ሰዓት ብቻ ይቀራል፣ 100 ላይ ደግሞ 15 ደቂቃ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሙዚቃ ቤቶች ባወጣው መመሪያ አማካዩ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ፣ ለታዳሚው የጆሮ መከላከያ እንዲቀርብ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታም እንዲኖር ይላል። ምድር ቤቱ ደረጃው ላይ በሳህን የጆሮ መድፈኛ ያስቀምጣል፤ የፈለገ ይወስዳል፣ ማንም ሂሳብ አይጠይቀውም። ከላይ ደግሞ ሰው ወጥቶ የሚቀመጥበት አግዳሚ አለ። ሌሎቹ ቤቶች ውስጥ ይህን አላየሁም። ማታ ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁ ከጮኸ፣ ድምፁ ከልክ በላይ ነበር ማለት ነው። በማግስቱ ቢተዋችሁም ተደጋግሞ ሲመጣ ጉዳቱ እዚያው ይቀራል።

እንዲህ ያለ ቤት ዳር ላይ እንዴት ቆመ የሚለውን ብዙ አስቤበታለሁ። መሃል ከተማ ያለ ቤት በአላፊ አግዳሚው ይኖራል። ዳር ላይ አላፊ አግዳሚ የለም። የሚመጣው አስቦበት ነው። ስለዚህ ዳር ያለ ቤት የሚቆመው በቋሚ ምሽት ነው፤ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ባንድ። ምድር ቤት ሐሙስ ማለት ያው ባንድ ነው፣ ሁልጊዜ። ሰው ሳይደውል ይመጣል። ባንዱም ክፍሉን ያውቀዋል፣ ሳውንድ ቼክ (ከመጫወቱ በፊት የሚደረገው የድምፅ ሙከራ) ላይ አይንገላታም፣ አዲስ ዘፈን ሲያወጣ መጀመሪያ እዚያ ይሞክረዋል።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በማርች 1962 የብሉዝ ሙዚቀኞቹ አሌክሲስ ኮርነርና ሲሪል ዴቪስ ከሎንዶን መሃል ወጣ ብላ ባለችው ኢሊንግ፣ አንድ ምድር ቤት ውስጥ የብሉዝ ምሽት ጀመሩ። ኋላ ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው ባንድ አባላት የሆኑት ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ፣ የወደፊት ጓዳቸውን ብራያን ጆንስን መጀመሪያ ያዩት እዚያ ነው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጆርጂዮ ጎሜልስኪ ሪችመንድ ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ባለ ሆቴል፣ የእሁድ ምሽት ያዘጋጅ ነበር። ገና ያልታወቁት ሮሊንግ ስቶንስ በየእሁዱ እየተጫወቱ ሰው ያወቃቸው በዚያ ነው። ኢሊንግ ብሮድዌይም ሪችመንድም በሎንዶኑ ዲስትሪክት የባቡር መስመር ላይ የመጨረሻ ጣቢያዎች ናቸው። የመስመር መጨረሻ ላይ መኖር ሙዚቃ አይከለክልም ስል በባዶ አይደለም።

እናንተም በየአካባቢያችሁ ስትፈልጉ ማስታወቂያውን ትታችሁ ሙዚቀኞቹን ጠይቁ። የጊታር ክር የሚሸጥ ሱቅ፣ ድራም የሚያስተምር ልጅ፣ እነዚህ የት ጥሩ ባንድ እንዳለ ያውቃሉ። ቤቱ ስትደውሉ «ድራሙ የቤቱ ነው ወይስ ባንዱ ያመጣል?» በሉ። የራሱን ድራምና አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ) የገዛ ቤት ነገሩን የምሩን ይዞታል። ዛሬ ማን ይጫወታል ሲባል «ባንድ አለ» ብቻ ብሎ የሚመልስ ቤት ደግሞ ለባንዱ ያለው ግምት ከዚያ ይታወቃል።

ምድር ቤቱ እንከን የለውም አልልም። መካከል ላይ ያለው ምሰሶ በስተግራ ለተቀመጠው ሰው ኪቦርዱን ሙሉ በሙሉ ይከልለዋል። ሰው ሲሞላ አየሩ ይታፈናል፤ ያለው ማራገቢያ አይበቃውም። ከሁሉ የከፋው መውጫው ነው፤ እኔ ያየሁት ያንኑ አንድ ደረጃ ብቻ ነው። ሁለተኛ መውጫ ካለ በግልጽ ሊጻፍበትና ሊበራበት ይገባል፤ ከሌለ ሊሠራ ይገባል። ምድር ቤት ውስጥ ብዙ ሰው ሰብስቦ ይህን ማዘግየት አይቻልም። ለአስተናጋጁ ነግሬያለሁ፣ አሁንም እዚህ እጽፈዋለሁ።

ሰዓት ላይም ቅሬታ አለኝ። ከተለጠፈው ሰዓት ዘግይተው ነው የሚጀምሩት። መሃል ከተማ ላለ ሰው ይህ ምንም ላይሆን ይችላል። የመጨረሻውን አውቶቡስ ለሚጠብቅ ሰው ግን የዘገየችው እያንዳንዷ ደቂቃ ከመጨረሻው ዘፈን ነው የምትቀነሰው። መዝጊያቸውን ግን ያከብራሉ፤ ይህም ለጎረቤት ሲባል ነው። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ይመልሰዋል፣ የቤዝና የትልቁ ድራም ድምፅ ግን ግድግዳ አልፎ ሰው መኝታ ቤት ይገባል። በአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ፣ ከነበረ የሙዚቃ ቤት አጠገብ አዲስ መኖሪያ የሚሠራው ወገን ራሱ ድምፁን የመከላከል ኃላፊነት አለበት። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ቦታ ትንንሽ ቤቶች የሚኖሩት ከጎረቤት ጋር ተስማምተው ነው። ስትወጡ መንገዱ ላይ ቆማችሁ ጮክ ብላችሁ አታውሩ።

የሚቀመጥበትንም ልንገራችሁ። ከሚክሰሩ ፊት ያሉት ሁለት ረድፎች ምርጥ ናቸው፤ ልጅቷ የምታስተካክለው ለዚያ ቦታ ነው ማለት ይቻላል። ስፒከሩ ሥር አትቀመጡ። ሐሙስ ቀደም ብላችሁ ካልሄዳችሁ የሚቀረው ምሰሶው ኋላ ያለው ነው።