ለልጆች የቴክኖሎጂ ፕሮጀክት ምን ይገዛ? ማይክሮቢት፣ አርዱይኖ ወይስ የመርካቶ ሽቦና ድንጋይ

ልጅ ከትምህርት ቤት ይመጣና «ፕሮጀክት ታዘናል፣ ለሰኞ ነው» ይላል። ወላጅ ቴሌግራም ይከፍታል። አርዱይኖ፣ ማይክሮቢት፣ የሮቦት ኪት፣ ሁሉም «ለተማሪዎች ምርጥ» ተብሎ ተለጥፏል። የውጭ ዕቃ ዋጋ ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እስቲ ልሞክረው የሚባልበት አይደለም።

ስለዚህ ዕቃዎቹን በአንድ ሥራ ላይ እናወዳድራቸው። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ለገጣፎ አካባቢ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት ብዙ ነው። ሌሊት መጥቶ ሳይነጋ ይሄዳል። ፕሮጀክቱ እንግዲህ «ውሃ መጣ» ብሎ የሚጮህ ደወል ይሁን። ቧንቧው ተከፍቶ ይተዋል፣ ከሥሩ ጣሳ ይቀመጣል፣ ጣሳው ውሃ ሲይዝ ደወሉ ይጮሃል። ባዶ ባልዲ ብናስቀምጥስ፣ ድምፁ ይቀሰቅሰን የለም ወይ የሚል አይጠፋም። ይቀሰቅሳል። ማርክ ግን አያሰጥም።

በርካሹ እንጀምር። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ በ3 ቮልት የሚጮህ ትንሽ ባዘር፣ ሽቦ፣ አልሙኒየም ፎይልና የሃይላንድ ክዳን። ክዳኑ ላይ ፎይል ይለጠፋል። ውሃው ክዳኑን ሲያነሳው ፎይሉ ከላይ የተዘጋጁትን ሁለት የሽቦ ጫፎች ያገናኛል፣ ባዘሩ ይጮሃል። ኮምፒውተር የለም፣ ኮድ (ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትዕዛዝ) የለም። ዕቃው መርካቶ የሬዲዮ መለዋወጫ ከሚሸጡ ሱቆች ይገኛል፤ ግማሹ ከተሰበረ መጫወቻ ይወጣል። እስከ 4ኛ ክፍል ላለ ልጅ ከዚህ በላይ መግዛት ብር ማባከን ይመስለኛል። ኮረንቲ መንገዱ ሲዘጋለት እንደሚሄድ፣ ሲቋረጥበት እንደሚቆም በዓይኑ ያያል።

ጉድለቱ ሽቦው ቶሎ ቶሎ መላቀቁ ነው። እሑድ ማታ ናስትሮ ይዞ የሚቀመጠው አባት ይሆናል። ደግሞ በባዘሩ ፋንታ ትንሿን የኤልኢዲ መብራት ከ9 ቮልት ድንጋይ ጋር በቀጥታ ያገናኘ ልጅ መብራቷን ያቃጥላታል። መሃል ላይ ኮረንቲውን የሚቀንስ 470 ኦም ሪዚስተር ይግባ። ከአሮጌ ስልክ የወጣ ባትሪ ግን ለልጅ አይሰጥም፤ ሽቦው ከተነካካ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ስክራች ዕቃ አይደለም፣ ብሎክ እየገጣጠሙ ኮድ የሚሠሩበት ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ በዋናነት የታሰበው ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ነው። ገጽታውን ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፣ አንዴ ከተጫነም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ውሃውን ግን ብቻውን አያውቅም። ሮቶ ሲሞላ የሚያሳይ ጨዋታ ቢሠሩበት ነው። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ካለው 5ኛና 6ኛ ክፍልን በዚህ መጀመር ምንም ወጪ የለውም።

ገንዘብ የሚወጣባቸው ሁለቱ ቦርዶች፣ ማለትም ኮድ ተጭኖባቸው የሚሠሩ ትናንሽ ሰሌዳዎች ናቸው።

ማይክሮቢት በ2016 እ.ኤ.አ. ቢቢሲ ለእንግሊዝ የ7ኛ ክፍል ልጆች በነፃ ያደለው ትንሽ ቦርድ ነው። 25 ትናንሽ መብራቶች፣ ሁለት ቁልፎች፣ እንቅስቃሴና አቅጣጫ የሚለይ ሴንሰር አብሮት አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ዓይነት ድምፅ ማውጫና ማይክሮፎን ተጨምሮበታል። ለደወላችን ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ከሁለተኛው ጋር ባዘር መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ሽቦ ከቦርዱ ወደ ጣሳው ይገባል፣ ውሃው ሲያገናኛቸው ቦርዱ ይጮሃል። ኮዱ እንደ ስክራች በሚገጣጠሙ ብሎኮች ነው። በሁለት የሪሞት ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ላፕቶፕ በሌለበት ቤት ደግሞ በአንድሮይድ ስልክ በብሉቱዝ ኮድ ይጫንበታል። ከከተማ ዳር ላለ ቤተሰብ ትልቁ ነጥብ ለእኔ ይህ ነው።

አርዱይኖ ኡኖ ሌላ ነገር ነው። አርዱይኖ ሥሩ ኢጣሊያ ነው፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ። ንድፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ኮፒው ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ ኮፒ ሲባል ፎርጅድ ማለት አይደለም። በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ከማይክሮቢት ይረክሳል። ግን ቦርዱ ለብቻው ከመቀመጥ በቀር ምንም አይሠራም። ለደወላችን ባዘር፣ ብሬድቦርድ (ሽቦና ክፍሎች የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ጃምፐር የሚባል መሰኪያ ሽቦ፣ ሪዚስተር ይጨመራል። ሲደመር ርካሽነቱ ይቀንሳል። ኮዱ በእንግሊዝኛ ይጻፋል፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትጎድል ይቆማል። የ8ኛ ክፍል ልጅ ከጎኑ የሚያውቅ ሰው ካለ ይወጣዋል፣ ብቻውን ከሆነ ግን ኪቱ ቁም ሳጥን ላይ ይቀራል።

የኃይሉም ነገር አለ። ባለ አራት ማዕዘኗ 9 ቮልት ድንጋይ አርዱይኖን ሌሊቱን ሙሉ መሸከም ይከብዳታል። በፓወር ባንክ እናድርገው ያሉ ደግሞ ሌላ ይገጥማቸዋል፤ ቦርዱ የሚስበው ትንሽ ስለሆነ አንዳንዱ ፓወር ባንክ «ምንም አልተሰካብኝም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ውሃው ሲመጣ ደወሉ ተኝቷል።

አርዱይኖ ነጥብ የሚያስቆጥረው በዕድገቱ ነው። ሞተር፣ የአፈር እርጥበት መለኪያ፣ ስክሪን፣ ያሰባችሁትን ሁሉ ይቀበላል። አንዲት ክፍል ስትበላሽ ያችኑ ብቻ መቀየር ይቻላል። የጓሮ ጎመን ራሱን እንዲያጠጣ ማድረግ የሚፈልግ ልጅ መጨረሻው እዚህ ነው።

በሁለቱም ቦርዶች ላይ፣ ሁልጊዜ ኮረንቲ የሚሄድበት የሽቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ይዝጋል። ጫፉን በየጊዜው ቁረጡት፣ የሚጠጣ ውሃ ያለበት ሮቶ ውስጥም አታስገቡት።

«ያገለገለ የሌጎ ሮቦት» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ስሙን እዩ። ማይንድስቶርምስ የተባለው በ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ምርቱ ቆሟል። መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው።

ለአንድ የ7ኛ ክፍል ልጅ፣ ላፕቶፕ ለሌለው ቤት፣ ሁለተኛውን ማይክሮቢት እገዛለሁ። ለትምህርት ቤት ክበብም እንዲሁ፣ ለሁለት ልጅ አንድ። አርዱይኖ የምገዛው ኮምፒውተርና የሚያስተምር ሰው ካለ ነው።

ማይክሮቢት ስትገዙ የድንጋይ መያዣውና ኬብሉ አብረው መኖራቸውን ጠይቁ፤ ቦርዱን ብቻ የሚሸጡ አሉ። የኮፒ አርዱይኖ ከሆነ ደግሞ ዩኤስቢው በሲኤች340 ቺፕ የሚሠራ ሊሆን ይችላል፣ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ቦርዱን እንዲያውቀው የሚያደርግ ፕሮግራም) ይፈልጋል። ሻጩ ድራይቨሩን በፍላሽ ይስጣችሁ፣ ቦርዱንም ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ያሳያችሁ። ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ ለአንድ ኬብል ብሎ ተመልሶ ከተማ መግባት የታክሲው ሰልፍ ራሱ አይፈቅድም።