ለልጄ የገዛሁት ባለ ስድስት ክር ክራር

ለልጃችሁ የሙዚቃ መሣሪያ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ኪቦርድ ከማማረጣችሁ በፊት ክራርን እዩት። እኔ ለዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የገዛሁት እዚሁ አዲስ አበባ፣ በእጁ ከሚሠራ ባለሙያ ነው። ገበቴው ከእንጨት የተፈለፈለ ነው፤ ፊቱ ላይ ቆዳ ተወጥሮበታል። የብረት ክር ያለውንም አሳይቶኝ ነበር። ድምፁ ጎላ ይላል፣ የጀማሪን ጣት ግን ያማል። ለልጅ ናይለኑን ውሰዱ።

ክራርን ለቤት ልምምድ በጣም የወደድኩት በቅኝቱ ነው። ክሮቹ አንዴ በትዝታ ቅኝት ከተቃኙ፣ ልጅ የፈለገውን ክር ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም። አምስቱ ክሮች የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ከፍ አድርጎ ይደግመዋል። ልጄ ገና ምንም ሳታውቅ ስትነካካው ዜማ ዜማ የሚል ነገር ይወጣ ነበር። ይሄ ልጅን ያደፋፍራል። ከባዱ ግርፉ ነው። በቀኝ እጅ ሁሉንም ክር እየገረፉ፣ የማይፈለገውን በግራ እጅ ጣቶች ማፈን። የቀለበት ጣቷ አልታዘዝ እያላት ያለቀሰችበት ማታ አለ። ያኔ "በቃ ተይው፣ የምትችይውን ተጫወችልኝ" እላታለሁ፤ ቁጭ ብዬም እሰማታለሁ። ክራሩን ሳሎን ግድግዳ ላይ መስቀሌም ጠቅሞኛል። ቦርሳ ውስጥ ሲገባ ይረሳል፤ ዓይን ፊት ሲሆን እጅ ይጠራል።

አሁን ወደ ችግሩ። የኛ ክራር ክሮቹ ቀንበሩ (ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት) ላይ በጨርቅ ተጠቅልለው የታሰሩ ናቸው። ቅኝቱ ቶሎ ይወርዳል፣ ለማጥበቅ ደግሞ የልጅ እጅ አቅም አይበቃም። በስልኬ መቃኛ አፕ እያየሁ የማጠብቀው እኔ ነኝ። ሠሪው "ችግር ካለ ደውይልኝ" ብሎኝ ነበር፤ ስደውል ግን ዛሬ ነገ እያለ አንገላታኝ። በዝናብ ወቅት ቆዳው ላላ ስለሚል ድምፁም ይደክማል። ፀሐይ ስትወጣ ትንሽ ማስነካት ይረዳል።

መብራት አይፈልግም፣ ክብደቱም ቀላል ነው። ቀላልነቱ ደግሞ ያላሰብኩትን ነገር አመጣልን። ልጄ መጀመሪያ ክራሯን ለታናሽ ወንድሟ እንኳ አታስነካም ነበር። ጎረቤታችን ያሉ እማማ ወድቀው ዳሌያቸውን ተጎድተው ከቤት አይወጡም። አንድ እሁድ ልንጠይቃቸው ስንሄድ "ክራርሽን ያዢ" አልኳት። ቡና እየተጠጣ "እማማ፣ ልጫወትልዎት?" አለች። ትዝታን ገረፈችላቸው። እሳቸው የወሎ ሰው ናቸው። "እሰይ የኔ እመቤት! ባቲንስ ትችያለሽ?" አሏት። ባቲ ሌላ ቅኝት ነው፤ አትችልም። "ለሚቀጥለው እሁድ እችላለሁ" ብላ ቃል ገባች።

ያን ሳምንት "ተለማመጂ" ብዬ መናገር አላስፈለገኝም። ከትምህርት ቤት መጥታ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ "እማዬ፣ ባቲ አድርገሽ ቃኚልኝ" ትለኛለች። የምትጫወትለት ሰው ስላገኘች ነው። እሁድ ላይ ሁለት ቦታ ተሳሳተች፤ እማማ ግን ዓይናቸውን ጨፍነው እጃቸውን ያጨበጭቡ ነበር።

የእማማ የልጅ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ጣቶቿን ያያል። አሳየችው። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት ክራሩን ለሁለት ቀን አዋሰችው። ውስጤ ፈራ፤ ዝም አልኩ። አንድ ክር ተበጥሶ ተመለሰ። ፊቷ ጠቆረ። ግን ልጁ ከመሸማቀቁ የተነሳ ቀና ብሎ አያያትም ነበር፤ እሷው "ና እንቀይረው" አለችው። መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ እሷ ይዛ እሱ እየሳበ፣ ቀየሩት። ናይለን ክር ርካሽ ነው፤ ስትገዙ ትርፍ አስጨምሩ።

በአጠቃላይ ለልጅ በጣም ጥሩ ነው እላለሁ፤ ግን በጨርቅ የሚታሰረውን ሳይሆን እንደ ጊታር የሚዞር መቃኛ ያለውን ግዙ። እኔም ለጎረቤታችን ልጅ እንደዚያ ዓይነት እየፈለግሁ ነው። ቀጠሮ የሚያከብር ሠሪ የምታውቁ ጠቁሙኝ።