ጠጠሩን በሞገድ ማስፈጨት ወይስ በሌዘር?

የኩላሊት ጠጠር አለብህ የተባለ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው «ማስወጫው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጠጠሩ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነና የቱ ጋ እንደተቀመጠ ይወቁ። ሁለቱንም አጥርቶ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። አልትራሳውንድ ይረክሳል፤ ወደ ፊኛ በሚወርደው ቱቦ መሀል የተሸጎጠች ጠጠር ግን ብዙ ጊዜ ታመልጠዋለች።

ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ገንዘብዎን ይያዙ። አብዛኛው በራሱ ይወጣል። ሽንትዎን በሻይ ማጥለያ ያጥልሉ (ማጥለያዋ ከዚያ ወዲያ ጓዳ አትገባም!)። የተገኘችው ጠጠር ላቦራቶሪ ትሂድ። የዩሪክ አሲድ ጠጠር ከሆነች፣ ሌላ ቢመጣ በመድኃኒት ማሟሟት ይቻላል።

ከዚያ ከፍ ሲል ፉክክሩ የሞገድና የሌዘር ነው። ሞገዱ እ.ኤ.አ. በ1980 ጀርመን፣ ሙኒክ ውስጥ የተጀመረ ሕክምና ነው። ቢላ የለውም። ማሽኑ ከውጭ ሆኖ ጠጠሩን በኃይለኛ የድምፅ ሞገድ ይመታል፤ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ዋጋውም ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ግን የአንድ ጊዜ ዋጋ ነው። ጠጠሩ ጠንካራ ከሆነ ወይም ኩላሊቱ ታችኛ ክፍል ከተቀመጠ ሁለቴ ሦስቴ መመላለስ ይመጣል። ስብርባሪው በሽንት ሲወጣም ያማል። ለነፍሰ ጡር አይደረግም።

በሌዘሩ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ በኩል ገብቶ ጠጠሩ ድረስ ይሄዳል፣ እዚያው ይፈጨዋል። ማደንዘዣ ይፈልጋል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። በአንዴ የመጨረስ ዕድሉ ግን የተሻለ ነው። ቱቦው ውስጥ ለተቀረቀረ 12 ሚሊሜትር ጠጠር እኔ ብሆን ሌዘር ነው የምለው።

ከሌዘሩ በኋላ ብዙ ሰው ሳይዘጋጅ የሚገጥመው ስቴንቱ ነው። ሽንት እንዲያልፍ የሚገባ፣ ሁለት ጫፉ የተጠቀለለ ለስላሳ ቱቦ ነው፤ አንዱ ጫፍ ኩላሊት፣ ሌላው ፊኛ ውስጥ ይቀመጣል። ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት ያስሮጣል፣ ሲሸኑ ጎን ይወጋል። «ማውጫው ዋጋው ውስጥ አለ?» ብለው ይጠይቁ። ቀኑንም ስልክዎ ላይ ይያዙ፤ ተረስቶ ወራት ከቆየ እሱ ራሱ ጠጠር ያበቅላል።

ከ20 ሚሊሜትር በላይ ለሆነ ጠጠር ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከጀርባ በአንድ ሴንቲሜትር ገደማ ቀዳዳ ማውጣት ነው። ሆስፒታል ማደር አለው።

ሕመሙ ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ጋር ከመጣ ዋጋ ማወዳደሩን ይተዉት። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።