ከመሬት የወጣ አሮጌ ብረት፦ ለብር ሠሪ ወይስ ለሙዚየም?

ሱሉልታ ወይም ሰበታ ጫፍ ላይ የብረት መፈለጊያው ጮኸ፣ አንድ አሮጌ ነገር ወጣ እንበል። ማን ይየው?

ፍጥነት፦ ፒያሳ ያለ ብር ሠሪ አገላብጦ ወዲያው ይነግራችኋል። ሙዚየም ትዕግሥት ይፈልጋል።

እውቀት፦ ብር ሠሪው ብር ይሁን መዳብ ይለያል። ዕድሜ ላይ ግን ይቸገራል። የድሮዋን የብር ገንዘብ ማርትሬዛን ለምሳሌ ውሰዱ፦ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ 1780 የሚል የፈረንጆች ዓመት ተቀርጾባታል። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ያንኑ ቁጥር ይዛ ስትመታ ኖራለች። ስለዚህ የተጻፈው ቁጥር ብቻውን ዕድሜዋን አይነግራችሁም። ጥቃቅን የቅርጽ ልዩነቶችን የሚያውቅ ዓይን ያስፈልጋል።

አደጋ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ብር ሠሪ የሚፈትነው ፈትጎ፣ በአሲድ ነክቶ ነው። የመዳብ አረንጓዴ ዝገት አንዴ ከተፈተገ አይመለስም። እባካችሁ፣ አፈሩን እንኳ አታጥቡት! ሕግም አለ፦ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ለቅርስ ባለሥልጣኑ መሥሪያ ቤት እንዲያሳውቅ ያዛል። ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም ክልክል ነው።

ጓሮ የጠፋ የቤተሰብ ቀለበት ከሆነ ብር ሠሪው ይበቃል። የጦር ጫፍ፣ መስቀል ወይም ጽሑፍ ያለበት ነገር ከሆነ ግን ፎቶ አንሱት፣ የወጣበትን ቦታና ጥልቀት ጻፉ፣ ከዚያ ቀጥታ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም።