ኤል ሼፕ፣ ታጣፊ ሶፋ ወይስ መጅሊስ? ለስቱዲዮና ለባለ አንድ መኝታ ቤት የዕቃ ንጽጽር

ስቱዲዮ ወይም ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ገብታችሁ ዕቃ ልትገዙ ስትወጡ ሱቅ ውስጥ ያለው ሶፋ ሁሉ ያምራል። ሱቁ ሰፊ ነው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ነው፣ መብራቱም ደማቅ ነው። ያው ሶፋ ጀሞ ወይም የካ አባዶ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን መተላለፊያ ያሳጣል።

ጠባብ ቤት ውስጥ ቶሎ የሚያልቀው ወለሉ ነው። ረከቦት የሚቀመጥበት፣ ልጅ የሚድህበት፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን የሚደረደርበት ቦታ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዕቃዎቹን የማወዳድረው በሚበሉት ወለልና በሚሰጡት አገልግሎት ነው። መልካቸውንም አልረሳሁም፣ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ሜትር ያዙ። የክፍሉን ብቻ ሳይሆን የበሩን የውስጥ ስፋትና የደረጃውን መታጠፊያም ለኩ። አብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። በደረጃው አልታጠፍ ያለ ሶፋ በገመድ ታስሮ በበረንዳ ሲሳብ ያላየ የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ገመዱ ከተበጠሰ ከታች ሰው አለ። ተፈታትቶ የማይገባ ትልቅ ዕቃ ቢያምርም እለፉት።

ሶፋው

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ኤል ሼፕ ነው። የተለመደው መጠን በአንድ በኩል 2.5 ሜትር፣ በሌላው በኩል ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር አካባቢ ነው። ማዕዘኑን ስለሚጠቀም መሀሉን ነፃ ይተዋል፤ ተጨማሪ ወንበርም አያስፈልግም። ሳሎኑ ራሱን ከቻለና በሩ ማዕዘኑን ካልነካ ጥሩ ምርጫ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቡበት። አንደኛ፣ መታጠፊያው ላይ ያለው ቦታ እግር ማስቀመጫ ስለሌለው ሰው እምብዛም አይቀመጥበትም። አምስት ሰው ያስቀምጣል የተባለው ሶፋ በተግባር አራት ነው የሚይዘው። ሁለተኛ፣ ተከራይ ከሆናችሁ ዛሬ በግራ የሚገጥመው ሶፋ ነገ በምትገቡበት ቤት በር ሊዘጋ ይችላል። የግድ ኤል ሼፕ ከፈለጋችሁ ረጅሙ መቀመጫ ወደ ግራም ወደ ቀኝም የሚቀየረውን፣ በሁለት ተከፍሎ የሚጓጓዘውን ምረጡ።

ታጣፊ ሶፋ ለስቱዲዮ የተፈጠረ ይመስላል። ቀን ሶፋ፣ ማታ አልጋ። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። አልፎ አልፎ ለሚያድር እንግዳ ከሆነ ግዙት። የየሌሊት መኝታችሁ እንዲሆን ግን አልመክርም። መደገፊያው ወደ ኋላ የሚወድቀው ዓይነት መሀሉ ላይ መጋጠሚያ አለው፣ ወገብም ጀርባም እዚያ ላይ ነው የሚያርፈው። ስፖንጁም ቀን ተቀምጣችሁበት ማታ ተኝታችሁበት ቶሎ ይሰምጣል። በየቀኑ ብርድ ልብስ ማጠፍና ትራስ መደበቅ ደግሞ ይሰለቻል። ብዙ ቤት ተዘርግቶ የሚቀረው ለዚህ ነው። እንደዚያ ከሆነ ሶፋም የለም፣ ደህና አልጋም የለም። የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ደጋግማችሁ ዘርጉት፣ እጠፉት። ብረቱ የሚንቋቋ ወይም ሁለት ሰው የሚፈልግ ከሆነ ተዉት። ሲዘረጋ ከግድግዳ መራቅ ያስፈልገው እንደሆነም ጠይቁ።

መጅሊስ በእኔ ግምት ከሚገባው ያነሰ ቦታ ነው የሚሰጠው። ጥልቀቱ 70 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ከሶፋ ያነሰ ወለል ይወስዳል። በግድግዳው ልክ ይሰፋል። ቁርጥራጩ ቀላል ስለሆነ አንድ ሰው በደረጃ ይዞት ይወጣል። እኛ ደግሞ እንግዳ የሚበዛብን ሰዎች ነን። ለበዓል፣ ለአራስ ጥየቃ፣ ለቡና የሚመጣው ሰው ጠጋ ጠጋ ብሎ ይቀመጥበታል፤ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድም ይተኛበታል። ችግሩ ዝቅ ማለቱ ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትና አባት ካላችሁ መነሳት ይከብዳቸዋል። በቀጥታ ወለል ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ወለሉ በውሃ ሲታጠብ እርጥበት ይስባል፣ ምድር ቤት ከሆነ ይብሳል። መፍትሔው ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት መቆሚያ ማሠራት ነው። ውስጡ ብርድ ልብስና ጫማ ይይዛል። ሳሎናችሁ ጠባብ፣ እንግዳችሁ ብዙ ከሆነ እኔ የምመርጥላችሁ ይህንን ነው።

ብቻችሁን ወይም ሁለት ሆናችሁ የምትኖሩና እንግዳ የማይበዛባችሁ ከሆነ ደግሞ ሦስቱንም ተዉና እግሩ ከፍ ያለ ባለ ሁለት ሰው ሶፋ ከሁለት በርጩማ ጋር ግዙ። በርጩማው ቡና ሲፈላ መቀመጫ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ትንሽ ጠረጴዛ ይሆናል።

የትኛውንም ብትመርጡ ስለ ስፖንጁ ጠይቁ። ለመቀመጫ በኪዩቢክ ሜትር 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ክብደት ያለው ይሻላል። ጨርቁ ዚፕ ይኑረው፣ ወጥና ሹሮ የሚቀርብበት ቤት ልብሱ መውለቅና መታጠብ አለበት። ሌዘር የሚመስለው ሰው ሠራሽ ልባስ በጨርቅ ይጸዳል፤ ነገር ግን ርካሹ ጥቂት ቆይቶ መላጥ ይጀምራል፣ ከተላጠ ደግሞ አይጠገንም።

አልጋ

ገንዘብ ካጠረ ከሶፋው ቀንሱና ለአልጋና ለፍራሽ ጨምሩ። ሜትር ከሰማንያው አልጋ በጠባብ መኝታ ቤት ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል። ሜትር ከሃምሳው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ በሚተርፈው 30 ሴንቲ ሜትር ሰው ማለፍ ይችላል።

መሳቢያ ያለውና ፍራሹ ወደ ላይ የሚነሳው አልጋ ሲወዳደሩ ለጠባብ ክፍል ሁለተኛው ይሻላል። መሳቢያ ለመክፈት በጎን 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነፃ ቦታ ይፈልጋል። የሚነሳው ግን በጎን ምንም አይጠይቅም። ሻንጣ፣ የክረምት ልብስ፣ ትርፍ ጋቢ ሁሉ ይገባበታል። የሚያነሳው ፒስተን ደካማ ከሆነ ግን ፍራሹን መሸከም የእናንተ ሥራ ነው፤ ፍራሹ ላዩ ላይ እያለ ሞክሩት።

የብረት አልጋ ዋጋው ይቀላል፣ በብሎን ይፈታል፣ ለተከራይ ይመቻል። ሥሩን ከፍ አድርጋችሁ ካሠራችሁት ሳጥን ይገባል። ብሎኑን በየጊዜው ካላጠበቃችሁ ይጮኻል።

ቁም ሳጥን

ተከፋች በር ፊት ለፊቱ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይፈልጋል። ተንሸራታች በር ምንም አይፈልግም፣ ግን በአንድ ጊዜ የምታዩት ግማሹን ብቻ ነው፤ ሐዲዱ ርካሽ ከሆነም ይሰናከላል። በአልጋና በቁም ሳጥን መካከል ያለው ክፍተት ከ70 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ተንሸራታቹን ውሰዱ። አንዱን በር መስታወት አድርጉት፣ ክፍሉን ያበራዋል።

ስለ እንጨቱ ደግሞ፦ ከእንጨት ፍቅፋቂ ተጨምቆ የሚሠራው ችፕውድ በዋጋ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ውሃ ከነካው ያብጣል፣ ተፈትቶ ሲገጠምም ብሎኑ የሚይዝበት ቦታ ይፈረካከሳል። በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ሰው አይሆንም። ይበልጥ ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የሚጨመቀው ኤምዲኤፍ ከእሱ ይሻላል፣ ጠርዙ በደንብ እስከታሸገ ድረስ። ዋንዛ ከሁሉም ይበልጣል። ይፈታል፣ ይጠገናል፣ እንደገና ይላጋል። ውድ መሆኑም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነበር። ከባድም ስለሆነ ትልቁን ቁም ሳጥን ከእሱ አታሠሩ። ለአልጋና ለበርጩማ አውሉት። ከምንም ቢሠራ ግን እግር ይኑረው። ቤታችን በውሃ ነው የሚወለወለው።

ጠረጴዛ

ግድግዳ ላይ የሚታጠፈው ከሁሉ ያነሰ ቦታ ይወስዳል። ግን ግድግዳችሁን እወቁ። ብሎኬት ከሆነ በደህና ፊሸር (ብሎኑ የሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ይይዛል። አንዳንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንዳለው አግሮስቶን የሚባለው ቀለል ያለ የግድግዳ ሰሌዳ ከሆነ ክብደት አታንጠልጥሉበት። ያኔ በሁለት ጎኑ የሚታጠፍ፣ እግሩ ወለል ላይ የሚቆም ጠረጴዛ ይሻላል። የተከራየ ሰው ግድግዳ ከመብሳቱ በፊት አከራዩን ይጠይቅ።

መልኩስ?

ሥሩ የሚታይ፣ እግሩ ቀጭን የሆነ ዕቃ ክፍሉን ሰፊ ያስመስለዋል። የእንጨቱ ቀለም አንድ ዓይነት ይሁን። ሶፋው ፈዘዝ ያለ፣ ትራሱ ደማቅ ቢሆን ትራሱን መቀየር በርካሽ ይቻላል። ትልልቅ ቅርጻ ቅርጽና ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ሶፋዎች ለሰፊ ሳሎን ናቸው፣ ስቱዲዮ ውስጥ ያፍናሉ።

ከሱቅ ወይስ ከአናጺ?

ከሱቅ የምትገዙትን ተቀምጣችሁበት ታያላችሁ፣ ያው ቀን ይደርሳችኋል። አናጺ ግን በቤታችሁ ልክ ይሠራል፤ ለጠባብ ቤት ይህ ብዙ ዋጋ አለው። ለመጅሊስ መቆሚያ፣ ለቁም ሳጥንና ለጠረጴዛ አናጺ፣ ለታጣፊ ሶፋና ለፍራሽ ሱቅ እመርጣለሁ። ከአናጺ ጋር ስትዋዋሉ ርዝመቱ፣ ጥልቀቱ፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ የስፖንጁ ክብደትና የማስረከቢያው ቀን በጽሑፍ ይስፈር። ቀብድ ከግማሽ አይለፍ። ቀለም ከመቀባቱና ጨርቅ ከመልበሱ በፊት ሄዳችሁ እዩት፤ መጋጠሚያው በብሎንና በሙጫ ነው ወይስ በምስማር ብቻ የሚለው የሚታወቀው ያኔ ነው።